መልስ፦ ላው ካር ሊዩንግ ተበድለዋል?

«ላው ካር ሊዩንግ ‹የሰከረው መምህር 2› ሳይጠናቀቅ ቀረጻውን ትተው የሄዱት ለምንድን ነው? ተበድለዋልስ?» ብለህ ስለ ሆንግ ኮንጉ የኩንግ ፉ ፊልም ዳይሬክተር ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ከፊልሙ መሪ ተዋናይ ከጃኪ ቻን ጋር ያለያያቸው የፍልሚያው አቀራረብ ነው። እሳቸው ጥንታዊውን ኩንግ ፉ እንዳለ ማሳየት ፈለጉ፤ ጃኪ የራሱን ስልት መረጠ፣ የመጨረሻውንም ፍልሚያ ራሱ አዘጋጀው። ሆኖም ፊልሙ በ1994 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲወጣ በዳይሬክተርነት የተጻፈው የላው ስም ነው። ስለዚህ ስማቸው ተፍቋል ማለት ልክ አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። አባታቸው የላም ሳይ ዊንግ ተማሪ ነበሩ፤ ላም ደግሞ የዝነኛው የኩንግ ፉ መምህር የዎንግ ፌይ ሁንግ ደቀ መዝሙር። ይህን ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ጥበብ ይዘው ነው በ1978 ‹የሻውሊን 36ኛው ክፍል›ን የሠሩት። ክንዱ ላይ ስለት ታስሮበት ውኃ የሚሸከመውን መሪ ተዋናይ ጎርደን ሊውን እስቲ አስታውስ! ክንዱ ዝቅ ካለ ስለቱ ጎኑን ይወጋዋል። ልምምዱን ከበቀሉ አስበልጠው የፊልሙ ልብ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ብዙ ተመልካች ተዋናዩን ሲያነሣ የእሳቸውን ስም አይጠራም። የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት የዕድሜ ልክ አስተዋፅኦ ክብር የሰጣቸው በ2010 ነው። በ2013 ዐረፉ። ለእኔ እጅግ የዘገየ ክብር ነበር።