የድሮ ደብዳቤ ፎቶ ለማጽዳት ላምዳን በዓይን አትምረጪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። ማታ በስልክ ያነሳሽው የድሮ ደብዳቤ በኖይዝ (ፎቶው ላይ በሚበተን ነጠብጣብ) ተሞልቷል። ቲኮኖቭ በሚባለው የማጽጃ ስሌት ስታጸጂው ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ቶታል ቬሪዬሽን በሚባለው ሲሆን ደግሞ በቀለም የተቀባ ሥዕል ይመስላል። ላምዳን፣ ማለትም ማጽዳቱ ምን ያህል እንደሚበረታ የሚወስነውን ቁጥር፣ ስንት ላድርገው ነው ያልሽው።

ሁለቱም ከዋናው ፎቶ ብዙ ሳይርቁ ቅጣቱ ያነሰበትን ፎቶ ነው የሚፈልጉት። ቲኮኖቭ በጎረቤት ፒክስሎች (የፎቶው ትናንሽ ነጥቦች) መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቶ ነው የሚቀጣው። ከወረቀቱ ወደ ቀለሙ ብርሃኑ (ከ0 እስከ 255 ሲለካ) ባንዴ በ100 ቢወርድ ቅጣቱ 10,000 ነው። ያው 100 በአሥር ፒክስል ላይ አሥር አሥር እያለ ቢወርድ ግን 1,000 ብቻ። ስለዚህ ጠርዙን ማደብዘዝ ያዋጣዋል። ሩዲን፣ ኦሸርና ፋተሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ያመጡት ቶታል ቬሪዬሽን ልዩነቱን ሳያባዛ እንዳለ ይደምራል። ባንዴም ወረደ ቀስ እያለ፣ ቅጣቱ 100 ነው። ጠርዝ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ለኛ ፊደል ግን አንድ ጉድ አለው፤ ትናንሽ ነገር ይበላል። ክብ ነጥብ የሚያጣው ድምቀት የላምዳ እጥፍ ለራዲየሱ ተካፍሎ ነው። ላምዳ 20 ቢሆን፣ ራዲየሱ 20 ፒክስል የሆነ ነጥብ 2 ብቻ ያጣል። ራዲየሱ 2 የሆነው 20 ያጣል። የአያቴን የውል ወረቀት ሳጸዳ «ቤቱ» የሚለው «ቤተ» ሆኖ ቁጭ አለ። ካዕብ የምታደርገዋ ትንሽ ጭረት ከኖይዙ ጋር ተጠርጋ ሄዳለች። ፎቶው ግን እንዴት ያምር ነበር!

እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ምንም ያልተጻፈበት የወረቀት ቦታ ቆርጬ የፒክስሎቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበተኑ) አሰላለሁ። 12 ወጣ እንበል። ላምዳን ከትንሽ ጀምረሽ ከፍ አድርጊ። ከዋናው ፎቶ የጸዳውን ስትቀንሺ የቀረው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 12 ሊደርስ ሲል አቁሚ። የሞሮዞቭ መርህ የሚሉት ይኸው ነው። ከዚያ ያንን ቀሪ እንደ ፎቶ ክፈቺው። ኖይዝ ብቻ ከሆነ ጥሩ። የፊደል ቅርጽ ካየሽበት አልፈሻል፣ ላምዳን መልሺው። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ነው።

ሳይኪት ኢሜጅ በሚባለው የፓይተን የፎቶ ማቀነባበሪያ የምትሠሪ ከሆነ ፒክስሎቹ ከ0 እስከ 1 ነው የሚለኩት፤ 20 ያልኩት እዚያ 0.08 ገደማ ይሆናል። 20 ብለሽ ብታስገቢ ባዶ ወረቀት ነው የምታገኚው።

ሌላው፣ ብዙ ስልኮች ፎቶውን ራሳቸው አለስልሰው ነው የሚያስቀምጡት። ያኔ የለካሽው 12 ከእውነተኛው ያንሳል። ከቻልሽ በሮው (ስልኩ ሳያለሰልሰው በሚቀመጥ ጥሬ ፎቶ) አንሺ።

ደብዳቤው አሁንም እጅሽ ላይ ካለ ደግሞ ስልኩን አስደግፈሽ ሳይነቃነቅ 16 ጊዜ አንሺና አማካዩን ውሰጂ። ኖይዙ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጭረትም አይበላም። እኔ ይህን ያወቅሁት ወረቀቱን ለአጎቴ ከመለስኩ በኋላ ነው።