7,000 ዶላር ለላስቲክ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከስንት ዓመት ምኞት በኋላ የ2021 ኮርቬት ገዛሁ። ቀይ ናት፣ ሁለተኛ እጅ። የፊት ፓራውልቷ ከዓመታት በፊት እንደገና ተቀብቷል ብለውኛል። በረዶው ሲያባራ አይ-70 አውራ ጎዳናን ይዤ ወደ ተራራው መውጣት እወዳለሁ፤ መንገዱ ላይ የተበተነው አሸዋና ጠጠር ግን ያኔም ገና ተጠርጎ አያልቅም። ጠጠር ጠብ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮ ጠብ ይላል። አንድ ሱቅ መኪናዋን በሙሉ ፊልም፣ ማለትም ቀለሟን ከጠጠር የሚጠብቅ ግልጽ ላስቲክ፣ ለማልበስ 7,000 ዶላር ጠየቀኝ። ጓደኛዬ «ሴራሚክ አስቀባት፣ ይበቃታል» ይላል። ሌላው ደግሞ ፊልሙ ቢጫ ይሆናል ብሎ አስፈራራኝ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ በደስታ ንዳት። ጓደኛህን ግን በዚህ ጉዳይ አትስማው። ሴራሚክ፣ ያ ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚደርቀው ፈሳሽ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ውሃና ቆሻሻ አያስይዝም፣ እጥበት ያቀላል። ግን ውፍረቱ በማይክሮን የሚቆጠር ስስ ነገር ነው፤ ጠጠር መኖሩንም አያውቅም። ፊልሙ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ትንሽ መሰለህ? የፋብሪካው ቀለም ከነቨርኒሹ፣ ሁሉም ንብርብር ተደምሮ፣ ብዙ ጊዜ 0.15 እንኳ አይሞላም። የላስቲኩ ሥራ ምቱን ተለጥጦ መዋጥ ነው። መጀመሪያም የመጣው ከመኪና ሰፈር አይደለም፤ በቬትናም ጦርነት ዘመን 3ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሄሊኮፕተር ክንፍ የሠራው፣ አሸዋ እንዳይበላው ተብሎ ነው።

ቢጫ የሚሆነው ነገር እውነትነት አለው፣ ግን ወሬው የድሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ይበልዙ ነበር፤ ርካሹ የፒቪሲ ዓይነት ዛሬም ይበልዛል። ሱቁን «ቲፒዩ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ቲፒዩ የሚለጠጠው፣ የተሻለው የላስቲክ ዓይነት ነው። ካንገራገረ ውጣ። ጥሩዎቹ እስከ 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ወረቀቱን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው። የሚሸፍነው መበለዝን፣ መሰንጠቅን፣ መላጥን ነው። ጠጠር ቢቀደው አብዛኛውን ጊዜ ያንተው ጣጣ ነው።

አሁን ወደ 7,000ው። ጣሪያዋን ማን ይወግረዋል? የኋላ ክዳኗንስ? ጠጠር የሚያገኛት ከፊት ነው፤ ፓራውልቱን፣ ኮፈኑን፣ የፊት ፓርፋንጎዎቹን፣ ስፖኪዮውንና መብራቶቹን አልብስ። አንተ ጋ ግን አንድ ተጨማሪ ቦታ አለ፣ እሱን አደራ። ያንተ ሞዴል ሞተሩ ከሾፌሩ ኋላ ነው፤ የኋላ ትከሻዋ ሰፍቶ ወጣ ያለ ነው። የፊት ጎማ የሚያነሳው ጠጠር በሙሉ ቀጥታ እዚያ ይሄዳል። ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ቦታ በእጅህ ዳብሰው፤ ምናልባት አሁኑኑ ቅንጥብ ቅንጥብ ያለ ነገር ይሰማሃል። ፖርሼ እንኳ 911 ላይ እዚያው ቦታ ትንሽ ፊልም ከፋብሪካው ለጥፎ ነው የሚሸጠው። ይህን ሁሉ አሠርተህ ከነገሩህ ዋጋ ግማሽ ባይሞላ አይገርመኝም። ደግሞ የኮርቬት አካል ላሜራ አይደለም፣ የፋይበር ዘር ነው፤ ቀለሙ ቢፈነቀልም ዝገት አይበላውም። ስለዚህ እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ያ የተቀባው ፓራውልት ነው። የፋብሪካ ቀለም ፊልም ሲላጥበት ንቅንቅ አይልም። ዳግመኛ የተቀባ ግን እንደ ቀቢው ነው። እኔ ራሴ ድሮ በነበረችኝ መኪና አይቼዋለሁ፤ ኮፈኗ ተቀብቶ ነበር፣ ዓመታት ቆይቼ ፊልሙን ሳስነሳ የመዳፍ ያህል ቀለም ከነስቱኮው ተያይዞ መጣ። ሠራተኛው እኔን አየ፣ እኔ ኮፈኑን አየሁ፣ ማናችንም አልተናገርንም። ስለዚህ መቀባቱን አስቀድመህ ለሱቁ ንገር፣ የቀለም ውፍረት መለኪያም ካላቸው ይለኩልህ፤ ግን ተራው መለኪያ ብረት ላይ እንጂ ፕላስቲክና ፋይበር ላይ አይሠራም፣ በአልትራሳውንድ የሚለካው ይሁን። ፊልሙ አንድ ቀን ሲነሳ ደግሞ በእንፋሎት እያሞቁ፣ በዝግታ ነው የሚላጠው።

ከመለጠፉ በፊት ጭረቱን አስወልውል፣ የተፈነቀለውን አስጠግን። ፊልሙ ከስር ያለውን እንዳለ ነው የሚያሳይህ፤ ላስቲክ ስር የታሸገ ጭረት ደግሞ ያናድዳል። «በማሽን ተቆርጦ ነው የሚመጣው ወይስ መኪናዋ ላይ በምላጭ ትቆርጣላችሁ?» ብለህም ጠይቅ። ጎበዝ እጅ ካልሆነ ምላጩ ቀለሙን ይነካዋል። የጨረሱትን መኪና አሳዩኝ በል፤ ጠርዙን እይ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ካልገባ አቧራ ይሰበስብና ጥቁር መስመር ይሠራል።

ከወሰድካት በኋላ ከስር ትንንሽ የውሃ አረፋ ብታይ አትደንግጥ፣ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። በመርፌ እንዳትወጋው! ሳምንት ያህል አትጠባት፤ ከዚያም በኋላ የግፊት ውሃውን ከጠርዙ አርቀው። ፊልሙ ላይ የሚወጣ ቀጭን የእጥበት ጭረት ፀሐይ ሲመታው ወይም ሞቅ ያለ ውሃ ሲፈስበት ራሱ ይገጥማል፤ ቁልፍ የጫረው ግን አይድንም፣ ያ ቁራጭ ይቀየራል እንጂ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዱባይ ነኝ። ትንሽ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ። ፊልሙን ኦንላይን አዝዤ ራሴ ብለጥፈውስ? ገንዘቡ አልበቃ ብሎኝ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹን ትችያለሽ። የበር እጀታ ስር ያለችው ጎድጓዳ ቦታና የበሩ ደፍ ያንቺ ሥራ ናቸው። ደጅ ፀሐይ ላይ ግን አይሞከርም፤ ውሃው ሳታንሸራትቺው ይደርቅና ሙጫው ባሰኘው ቦታ ይይዛል። ከምድር በታች ያለ ፓርኪንግ ካለሽ በማለዳ ጀምሪ። ንጹህ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ጨምሪና በመርጫ አርጥቢ፤ እጅሽንም፣ የፊልሙን ሙጫ በኩልም፣ መኪናዋንም። ቦታው ላይ እስኪገጥም ወዲያ ወዲህ አንሸራትቺው፤ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር ውሃውን በላስቲክ መጥረጊያ ግፊ። ጠርዙ አልይዝ ካለ ውሃና አልኮል ቀላቅለሽ ትንሽ ርጪበት። ከእጀታው ጀምሪ፣ ያ የጥፍር ጭረት የሚበዛበት ቦታ። ቢበላሽም ልጠሽ ትጥይዋለሽ፣ ሌላ ትሞክሪያለሽ። ፓራውልቱን ግን አትንኪው።