ሞምባሳ ስትሄዱ ካባውን ሳታዩ እንዳትመለሱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምንኖረው ለገጣፎ ነው፣ ባለቤቴ ድንጋይ ካባ ላይ ይሠራል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ልናይ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሞምባሳ ልንሄድ ነው፣ ለአምስት ቀን። ግን ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ መቀመጥ አይሆንልንም። ሙዚየምም ይሁን የአትክልት ስፍራ የቱን ትመክሩናላችሁ? ትልቁ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ታሪክ ይወዳል። ትንሿ እንስሳ ካየች ሌላ አትፈልግም።

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ባለቤትሽ ካባ ላይ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ሃለር ፓርክን እዩ። ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ባምቡሪ የሚባል ቦታ ነው ያለው። ዛሬ ጫካ ነው፤ ድሮ ግን የሲሚንቶ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነበር። አፈር የለው፣ ጥላ የለው፣ ከሥሩ ያለው ውሃም ጨዋማ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬኔ ሃለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው 26 ዓይነት ዛፍ ተከለበት። የጸደቁት 3 ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ቦታውን ያዳነው ሸውሸዌ ነው፣ እዚህ እኛም አገር የምናውቀው ዛፍ! ሥሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ስለሚይዙለት ደረቅ ድንጋይ ላይም ይበቅላል። ችግሩ ቅጠሉ ነበር፤ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፣ ወድቆ ቶሎ አይበሰብስም። ስለዚህ ሃለር ብዙ ቀይ እግር ያለውን፣ ሲነኩት የሚጠቀለለውን ትል አምጥቶ ለቀቀበት። ትሉ ቅጠሉን በላ፣ ኩሱ አፈር ሆነ፣ አፈሩ ላይ ሌላ ዛፍ በቀለ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀጭኔውም ጉማሬውም የመጣው። እዚያ ቆሜ ሳይ ዓይኔ ላይ የመጣው የኛ ዳር ዳሩ ነው፤ ድንጋዩ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ክፍቱን የቀረው ጉድጓድ ሁሉ። ባለቤትሽ ቀስ ብሎ እንዲያየው ጊዜ ስጡት።

ለትንሿ ደግሞ የኦውንን ታሪክ ንገሪያት። በ2004ቱ ሱናሚ እናቱን ያጣ የጉማሬ ግልገል ነው፤ እዚህ ሲያመጡት ዕድሜ የጠገበ ትልቅ ኤሊ ሥር ሄዶ ተለጠፈ። አብረው ይበሉ፣ አብረው ይተኙ ነበር።

ታሪክ ወዳዱ ፎርት ጂሰስ ይግባ። ፖርቱጋሎች ከ1593 ጀምሮ የሠሩት ምሽግ ነው፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። የኦማን ዐረቦች ከ1696 ጀምረው ሦስት ዓመት ገደማ ከበው ያዙት። በኋላ እንግሊዞች እስር ቤት አደረጉት። ከ1697 ጀምሮ ባሕር ውስጥ ከቀረ የፖርቱጋል መርከብ የወጣ ዕቃም አለ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ፣ የሞምባሳ ወበቅ ለኛ ለደገኞች ከባድ ነው።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወደ ማሊንዲ አቅጣጫ ውጡና ጌዲን እዩ። ጫካ ውስጥ የቀረ የጥንት የስዋሂሊ ከተማ ነው፣ ቤቱና መስጊዱ በባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ እዚያው ትንሽ ሙዚየም አለው። በ2024 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ማሊንዲ ከደረሳችሁ የቫስኮ ደ ጋማ ሐውልት አለ፤ ለልጅሽ ንገሪው፣ በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ወታደር ይዞ ወርዶ ከነአፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፈው ክሪስቶፎር የዚህ ሰውዬ ልጅ ነው።

ላሙ ስለምትባለው ደሴትም ሰዎች ይነግሯችኋል፣ እውነትም ውብ ነው፣ ግን በአምስት ቀን ከልጆች ጋር አትሞክሩት። ጌዲ ስትገቡ ደግሞ ሙዝ በእጃችሁ አትያዙ፣ ጦጣዎቹ ይነጥቋችኋል።