ውጊያ ሲቀርብ የቁስለኞችን ህክምና ማስተባበር፦ "ምን ላስቀድም?" ላለችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ውጊያው ወደ ከተማችሁ እየቀረበ ነው። ቀዶ ህክምና የሚሠራ አንድ ሆስፒታል፣ ቀዶ ህክምና የሌለው ሌላ ሆስፒታል፣ ጥቂት ጤና ጣቢያዎችና ጥቂት አምቡላንሶች አሏችሁ። የድንገተኛ ህክምናውን እንድታስተባብሪ ተመድበሻል። "ያለችን ገንዘብ ትንሽ ናት፤ አምቡላንስ እንጨምርባት ወይስ መድኃኒት እንግዛባት?" ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ጦርነት ባለበት ቦታ መጀመሪያ በድንገተኛ ክፍል ነርስነት፣ በኋላ ደግሞ ቁስለኛ በማጓጓዝ ሥራ አስተባባሪነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁለቱም በፊት አንድ ጠረጴዛ አቋቁሙ። አንድ ስልክ፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ትልቅ ሰሌዳ፣ ቀንም ሌሊትም የማይነሳ አንድ ተረኛ። ይህ ተረኛ "ወደዚያ አትውሰዱት፣ ወደዚህ አምጡት" ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ይኑረው። የሆስፒታል ኃላፊዎቹም ይህን አስቀድመው በፊርማ ይቀበሉ። ሥልጣን ከሌለው ስልክ አንሺ ብቻ ይሆናል።

ለምን ይህን እንደማስቀድም ላስረዳሽ። ከባድ መሣሪያ ሰፈር ውስጥ ሲወድቅ መጀመሪያ ሆስፒታል የሚደርሱት ቀላል ቁስለኞች ናቸው። በእግራቸው፣ በሰው መኪና፣ በሞተር ይመጣሉ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልመራቸውም። በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይጎርፋሉ። ኮሪደሩ ይሞላል፣ የሐኪሞቹ እጅ ይያዛል። ከፍርስራሽ ሥር የወጣው፣ ሆዱን በፍንጣሪ የተመታው ሰው በአምቡላንስ ሲደርስ ቦታ የለም። "ሌላ ሆስፒታል ሞክሩ" ይባላል። ሌላው ሆስፒታል ደግሞ ቀዳጅ ሐኪም የለውም። ሰውየው መንገድ ላይ ያልፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አምቡላንሱ ነበረ፣ መድኃኒቱም ነበረ። ያልነበረው፣ በዚያ ሰዓት ማን ምን መቀበል እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰሌዳው ላይ የአልጋ ብዛት ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት። አልጋ ይገኛል፤ ካልተገኘም ፍራሽ ይነጠፋል። የሚያልቀው ሌላ ነገር ነው። ስንት የቀዶ ህክምና ጠረጴዛ ክፍት ነው? የተያዘውስ መቼ ይለቀቃል? ቀዳጅ ሐኪሙና የሰመመን ባለሙያው ካልተኙ ስንት ሰዓት ሆናቸው? ደም ስንት ከረጢት አለ? ኦክስጅኑና የጄኔሬተሩ ነዳጅ እስከ መቼ ያደርሳል? ጸጥ ባለ ጊዜ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ውጊያ ሲከፈት ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ተረኛው ራሱ ደውሎ ይጠይቅ። ሆስፒታሎቹ ይደውላሉ ብሎ አይጠብቅ፤ ሲጨናነቁ ማንም አይደውልም። ምጥ የጠናባት እናትም ያንኑ ጠረጴዛ እንደምትፈልግ አትርሱ። ጦርነት ስለመጣ ወሊድ፣ ስኳርና የኩላሊት እጥበት አይቆሙም። እነሱም ሰሌዳው ላይ ቦታ ይኑራቸው።

ኔትወርክ የሚጠፋው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ይኑራችሁ። ሬዲዮም ከጠፋ መልእክት የሚያደርስ ሞተረኛ ይኑር። ከሁሉ በላይ ግን ሾፌሮቹ ምንም ድምፅ ባይሰሙ የሚሠሩበት ትእዛዝ ቀድሞ ይሰጣቸው። ለምሳሌ "ከማዕከል መልስ ካጣችሁ ደረትና ሆድ የተመታውን በቀጥታ ወደ ቀዶ ህክምናው፣ መራመድ የሚችለውን ወደ ሁለተኛው ሆስፒታል" የሚል። አጭር ይሁን። ወረቀት ላይ ታትሞ መኪናው ውስጥ ይለጠፍ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እኔ ብሆን አብዛኛውን ደም ማቆሚያ ላይ አውለው ነበር። አንድ በጣም የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በውጊያ የሞቱ 4,596 የአሜሪካ ወታደሮችን ሞት መርምሯል። 87 በመቶ ያህሉ የሞቱት ህክምና ተቋም ሳይደርሱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሩብ የሚሆኑት ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙን የገደለው የደም መፍሰስ ነው። ሄሊኮፕተርና የሠለጠነ ጦር ሐኪም ያለው ሠራዊት ይህ ከደረሰበት፣ እናንተ ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትሽም።

የጭን ደም ሥሩ የተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። የትኛውም አምቡላንስ አይደርስለትም። የሚደርስለት አጠገቡ የቆመው ሰው ነው። ስለዚህ አስተማሪዎችን፣ ባለሱቆችን፣ የታክሲ ሾፌሮችን፣ የሰፈር ወጣቶችን ሰብስባችሁ አሠልጥኑ። በእጅ አጥብቆ መጫን፣ የሚደማ ጥልቅ ቁስልን በጨርቅ መጠቅጠቅ፣ እጅና እግር ላይ ቱርኒኬት (ደም እንዳይፈስ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ማሰር። ግማሽ ቀን ይበቃል። ቱርኒኬት ከሌለ ሰፊ ጨርቅና ጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ ቀጭን ገመድ ግን ሥጋና ነርቭ ይጎዳል። የታሰረበት ሰዓት በማርከር ግንባሩ ላይ ይጻፍ። ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ እጅ ወይም እግር የማጣት አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ቀዳጅ ሐኪሙ መቼ እንደታሰረ ካላወቀ ለመወሰን ይቸገራል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ የምትባለውን መድኃኒትም በየአምቡላንሱና በየጤና ጣቢያው አስቀምጡ። ውድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች የተካተቱበት ጥናት ደም በሚፈሳቸው ሰዎች ላይ ሞትን እንደምትቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን ከጉዳቱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለባት። ከዚያ ካለፈ ልትጎዳ ትችላለች። ብርድ ልብስም ጨምሩ። ደም የፈሰሰው ሰው ከቀዘቀዘ ደሙ መርጋት ያቅተዋል። ሙቀት ባለበት አገር እንኳ ቁስለኛ ይበርደዋል፤ ብዙ ሰው ይህን አያምንም።

ጤና ጣቢያዎቹን ምን እናድርጋቸው ላልሽው፣ ለውጊያው ከሚቀርቡት አንዱን ወይም ሁለቱን ማረጋጊያ ጣቢያ አድርጓቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በሞሱል ውጊያ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ የሠሩት ይህንኑ ነው። ከግንባሩ በደቂቃዎች ርቀት ላይ ማረጋጊያ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ቀዶ ህክምና የሚሠራ የመስክ ሆስፒታል። ብዙ ሕይወት አትርፏል። በሌላ በኩል ጣቢያዎቹ ከአንዱ ተዋጊ ወገን ጋር በጣም በመቀራረባቸው የገለልተኝነት ጥያቄ ተነስቶባቸዋል። እናንተም ይህ ይገጥማችኋል። ማረጋጊያው ደም ያቁም፣ የቁስለኛውን መተንፈሻ ይክፈት፣ ደረት ውስጥ የታመቀ አየር ያስወጣ፣ ማስታገሻ ይስጥ፣ ይሸኝ። ቁስል እየሰፋ ቁስለኛ ማቆየት ሥራው አይደለም።

አምቡላንስና ደኅንነት ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። አንድ ቦታ ከተመታ በኋላ እርዳታ ሰጪዎች ሲሰበሰቡ ያው ቦታ ደግሞ ሊመታ ይችላል። ይህ በተለያዩ ጦርነቶች ታይቷል። ስለዚህ አምቡላንሶች ከተመታው ቦታ ራቅ ባለ መጠለያ ይቁሙ። ተራ በተራ ይግቡ፣ ጭነው ወዲያው ይውጡ። "ግቡ" የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሾፌሩ "አልገባም" ካለ ማንም አይገፋው፤ መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው አምቡላንስ ላይ አይውጣ። ጤነኛ ወታደር፣ ጥይት፣ ራሽን በአምቡላንስ አይጫን። አንድ ጊዜ ከተደረገ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ኬላ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አምቡላንስ ይጠረጠራል። ከታጣቂዎች ጋር የሚነጋገረውም ሰው ተለይቶ ይታወቅ። በየኬላው ሁሉም የየራሱን ቃል ሲሰጥ ነው ነገር የሚበላሸው።

ምልክትና ሕግ ይጠቅማሉ፤ ግን እነሱን ብቻ አትመኑ። በኩንዱዝ፣ አፍጋኒስታን፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል ያለበትን ቦታ አስቀድሞ አሳውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 3 ቀን 2015 በአሜሪካ የአየር ድብደባ ተመቶ ቢያንስ 42 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት የጸጥታው ምክር ቤት ህክምናን የሚጠብቀውን ውሳኔ 2286 አሳለፈ። ከዚያም በኋላ ሆስፒታሎች መመታታቸው አልቆመም። አድራሻችሁን ለሁሉም ወገን ማሳወቅን በተመለከተ ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር ተመካከሩ። ከዚያ መስኮት ላይ አሸዋ ከረጢት ደርድሩ፣ ቀዶ ህክምናውን ወደ ምድር ቤት አውርዱ።

የሆስፒታሉ በር ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። በሩ አንድ ይሁን። ትሪያጅ፣ ማለትም ቁስለኞችን በጉዳታቸው ክብደት መለየት፣ እዚያ ይሠራ። ትሪያጅ ላይ ምርጡን ቀዳጅ ሐኪም አታቁሙት፤ እሱ ውስጥ ይፈለጋል። ብዙ ቁስለኛ ያየች፣ ድምፅዋ የማይናወጥ ነርስ ትበቃለች። ቀይ (አጣዳፊ)፣ ቢጫ (ጥቂት መጠበቅ የሚችል)፣ አረንጓዴ (ቀላል) ትበል፤ በየጊዜው ተመልሳ ትየው፣ ምክንያቱም ቢጫው በግማሽ ሰዓት ቀይ ይሆናል። ታጣቂዎች የቆሰለ ጓደኛቸውን ተሸክመው "መጀመሪያ የኛን!" እያሉ ይገባሉ። ጦር ሐኪሙ ዶሚኒክ ላሬ በናፖሊዮን ዘመን ሳይቀር ቁስለኛ በማዕረጉ ሳይሆን በጉዳቱ ክብደት ይታከም ብሎ ሠርቷል። የ1949 የጄኔቫ ስምምነትም ቅድሚያ የሚሰጠው በአጣዳፊ የህክምና ምክንያት ብቻ ነው ይላል። ይህን ለአዛዦቻቸው ከውጊያው በፊት ንገሯቸው። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ መከራከር ከንቱ ነው። መሣሪያ ውጭ ይቀመጥ። ቤተሰብ የሚጠብቅበት የተለየ ቦታ ይዘጋጅ፣ ዜና የሚነግራቸውም አንድ ሰው ይመደብ።

መትረፍ አይችልም የተባለውን ሰው በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጥግ ላይ አይጣል። ማስታገሻ ይሰጠው፣ እጁን የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሰው ካጣችሁ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱን መድቡ። የቀዶ ህክምና ጠረጴዛ ሲለቀቅም ተመልሳችሁ እዩት፤ ሐሳብ የሚያስቀይር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሐኪሞቻችሁ በሰላም ጊዜ የለመዱትን እንዲተዉ ማድረግ ይከብዳል፤ ቢሆንም ሞክሩ። የጦርነት ቁስል ቆሻሻ ነው፤ አፈር፣ ጨርቅ፣ የሞተ ሥጋ አለበት። ተጠርጎና ታጥቦ ክፍት ይተዋል፣ ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ንጹሕ ከሆነ ይሰፋል። በመጀመሪያው ቀን የተሰፋ ቁስል ብዙውን ጊዜ መግል ቋጥሮ ይመለሳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና አንቲባዮቲክ ገና ሲገባ ይሰጠው። ሆዱ ክፉኛ የተጎዳውንም በአንድ ጊዜ እንጨርሰው አትበሉ። ደሙን አቁሙ፣ የአንጀቱን ፍሳሽ ዝጉ፣ አሙቁት፤ ሲረጋጋ ይመለስ። ቀጣዩ ቁስለኛም ጠረጴዛውን የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቀዶ ህክምና የሌለው ሆስፒታላችሁ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው። ቀላል ቁስለኞችንና ከኦፕሬሽን ወጥተው የተረጋጉትን እሱ ይውሰድ። የመጀመሪያው ሆስፒታል በየቀኑ ማለዳ ወደዚያ ሰው ማሸጋገር አለበት። ብዙዎች ማስገባትን ብቻ ያቅዳሉ፤ ማስወጣት ካልታቀደ ግን በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር ይቆማል።

ደም ለጋሾችን ከአሁኑ መዝግቡ፤ ዓይነታቸው፣ ስልካቸው፣ ሰፈራቸው ይታወቅ። የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የቂጥኝ ፈጣን መመርመሪያ ይኑራችሁ። ስሙ ያልታወቀ ቁስለኛ ሲመጣ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ በፕላስተር ደረቱ ላይ ይለጠፍ። የሞተም ሰው ይመዝገብ፣ ልብሱና የያዘው ነገር ይጻፍ። ቤተሰቡ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ሠራተኞቻችሁን በግድ አስተኙ። የፈረቃ ዝርዝሩ ሰሌዳው ላይ ይሁን፣ ማስተባበሪያው ይቆጣጠረው። ልጆቹ የት እንዳሉ የማያውቅ ነርስ መሥራት አይችልም፤ የሠራተኛ ቤተሰብ የሚጠለልበትን ቦታ ከወዲሁ ፈልጉ። አንቺም ምትክ ይኑርሽ። አንቺ ስትተኚ ማዘዝ የሚችል፣ ሁሉንም የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ነገ ጠዋት ሰይሚ።

የሚሠሩት የቀዶ ህክምና ጠረጴዛዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከሁለተኛው ሆስፒታል እስከ መጀመሪያው በመኪና ስንት ደቂቃ እንደሚወስድና ሌሊት የሚዘጋ መንገድ እንዳለ ጻፊልኝ። የሰሌዳውን ቅርጽና የሾፌሮቹን ወረቀት አብረን እናዘጋጃለን። እዚህ ግሩፕ ውስጥ በሰመመንና በደም ባንክ የሠራችሁም ጎራ በሉ፤ በእነዚህ ሁለቱ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።