«ማደንዘዣ ይሰጠኛል ወይ?» የኢንዶስኮፒ ጥያቄዎቻችሁ

የዛሬው ተረኛ መላሽ እኔ ነኝ። አብዛኛውን ቀኔን የማሳልፈው ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራና አንጀት የሚታይበት ክፍል። «ዶክተር» እያላችሁ ለጻፋችሁልኝ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ የሰመመን ባለሙያ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነገ ጨጓራዬን በኢንዶስኮፒ ልታይ ነው። ማደንዘዣ ተሰጥቶኝ ሳልነቃ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። «ማደንዘዣ» በሚል አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን። አንዱ ጉሮሮ ላይ የሚረጨው ሊዶኬይን ነው፤ ጉሮሮን ብቻ ያደነዝዛል፣ አንቺ ነቅተሽ ትቆያለሽ። ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም፣ አንዳንዴ ከፌንታኒል ወይም ከፔቲዲን ጋር። ያንቀላፋሻል፣ ስምሽ ሲጠራ ግን አቤት ትያለሽ፤ ትንፋሽሽም በራስሽ ነው። ሦስተኛው ድብን ያለ እንቅልፍ ነው፤ ቢጠሩሽም አትሰሚም፣ ትንፋሽሽን ብቻ የሚጠብቅ ሰው አጠገብሽ ሊኖር ይገባል። ለተለመደ የጨጓራ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ነው። ነገ «ማደንዘዣ አለ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «የትኛው?» በይ።

ጥያቄ፦ እኔ በስፕሬይ ብቻ ተሠርቶልኝ ታንቄ ልሞት ነበር።

መልስ፦ ስሜቱን አልክድህም፤ ስፕሬዩ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ግን አልታነቅክም። ቱቦው ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የሚወርደውም በምግብ መውረጃው እንጂ በአየር ቧንቧው አይደለም። ሌላ ጊዜ ምራቅህን ለመዋጥ አትታገል፣ በጉንጭህ ይፍሰስ፤ ትከሻህን ልቀቅ፣ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ተንፍስ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ጉሮሮህ ወደ ስሜቱ እስኪመለስ፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ውኃም ቢሆን አትቅመስ፤ ትን ብሎህ ወደ ሳንባህ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። ለኮሎኖስኮፒ (ለትልቁ አንጀት ምርመራ) ፕሮፖፎል እንሰጥሃለን አሉኝ። ማይክል ጃክሰንን የገደለው አይደል?

መልስ፦ ነው፣ በ2009። ግን መድኃኒቱን የወሰደው መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ለእንቅልፍ ብሎ፣ በቂ መከታተያ መሣሪያ በሌለበት ነበር። የሰጠው ሐኪምም በ2011 ጥፋተኛ ተብሏል። ፕሮፖፎል ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስተኛል፣ ሲቆምም በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃል፤ የምንወደው ለዚህ ነው። የምንፈራበትም ምክንያት አለ፦ ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለፌንታኒል ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፣ ለፕሮፖፎል ግን የለም። ስለዚህ «ፕሮፖፎል ነው ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ማነው የሚከታተለኝ?» የሚለው ጥያቄ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጠበል ሳትቀምስ ከቤት አትወጣም። የጨጓራ ምርመራዋ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው። ቡናስ ትችላለች?

መልስ፦ ውኃ፣ ጠበልም ቢሆን፣ እንዲሁም ወተት የሌለው ሻይና ቡና ምርመራው 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቀዳል፤ ለእሳቸው እስከ 3 ሰዓት ማለት ነው። ያውም በሲኒ እንጂ በጀሪካን አይሁን! ቀለል ያለ ምግብ ምርመራው 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ቅባትና ሥጋ 8 ሰዓት ሲቀረው መቆም አለበት። ሆስፒታሉ ከዚህ ጠበቅ ያለ መመሪያ ከሰጣችሁ የእነሱን ያዙ። ተልባን ግን «መጠጥ ነው» ብላችሁ እንዳታመጡብን፤ በተለይ ለኮሎኖስኮፒ ፍሬው አንጀት ላይ ተለጥፎ እይታ ይከለክለናል።

ጥያቄ፦ ጫት እቅማለሁ። መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አዎ። ልብን ያፋጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራም ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። አዘውትሮ አረቄ የሚጠጣም በተለመደው መጠን ላይረጋጋ ይችላል። ቤተሰብ ፊት ካፈርክ መርፌው ሲተከልልህ ሹክ በለን፤ ፖሊስ አይደለንም።

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ግፊትና ስኳር አለባቸው፣ ማንኮራፋታቸው ጎረቤት ይሰማል።

መልስ፦ ከሦስቱ እኔን ያሳሰበኝ ማንኮራፋቱ ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ቁርጥ ብሎ ቆይቶ፣ እንደታፈነ ሰው የሚባንኑ ከሆነ ሳትጠየቅ ተናገር። ማረጋጊያ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ መንገዱም ይዘጋል። ጣት ላይ የሚቆነጥጠው መሣሪያ የደማቸውን ኦክስጅን ያሳየናል፤ ነገር ግን በአፍንጫቸው ኦክስጅን እየተሰጣቸው ከሆነ ትንፋሽ ቆሞም ቁጥሩ ወዲያው ላይወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ዓይናችን ከደረታቸው የማይነቀለው። በዕድሜያቸው መጠኑ ይቀነሳል፣ በየጥቂቱም ይሰጣል። የግፊት ክኒን ብዙ ጊዜ በጉንጭ ውኃ ይዋጣል፤ የስኳሩን ግን ባዶ ሆድ ላይ ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። እንደ ኦዜምፒክ ያለ ሳምንታዊ የስኳር መርፌ ካለም ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ ምግብን ጨጓራ ውስጥ ያቆያል።

ጥያቄ፦ አጠባለሁ። ወተቱን ልድፋ?

መልስ፦ ከሚዳዞላም፣ ከፌንታኒል ወይም ከፕሮፖፎል በኋላ በደንብ ነቅተሽ ልጅሽን መያዝ ከቻልሽ አጥቢ። ፔቲዲን ሊሰጡሽ ከሆነ ግን የምታጠቢ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሌላ ይመረጥልሻል።

ጥያቄ፦ ተኝቼ ምስጢር አወጣለሁ?

መልስ፦ አንዳንዱ ያወራል፣ ብዙው ስለ ምሳ ነው። ሚዳዞላም ያስረሳል፤ ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግርህ ሰምተህ፣ መልሰህ፣ አመስግነህ፣ ማታ አንዱንም ላታስታውስ ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ከማረጋጊያ በኋላ መኪናዬን ቀስ ብዬ ብነዳስ?

መልስ፦ ለ24 ሰዓት አትንዳ፣ ውልም አትፈርም። ደህና ነኝ ብለህ የምታስበው ገና ሳትነቃ ነው። ታክሲም ቢሆን ከሰው ጋር ያዝ። አብሮህ የሚመጣ ሰው ከሌለና ምርመራው የጨጓራ ከሆነ፣ በስፕሬይ ይሠራልኝ በል።