ትንሽ ቦታ ለሚመደብ ዳኛ፤ «ዬሮ»ን አይታ ለጻፈችልን ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለፈው ዓመት በሕግ ተመርቀሻል፤ የስፔኑን የወንጀል ድራማ «ዬሮ»ን እስከ መጨረሻው ተከታትለሽ፣ ተዋናይቷ ካንዴላ ፔኛ እንደምትጫወታት እንደ ዳኛ ካንዴላ ሞንቴስ ለመሆን ቆርጠሻል፤ የዳኞች ምልመላ ፈተናውንም አልፈሻል። አባትሽ ግን በአንድ ባንክ የሕግ ክፍል የተገኘልሽን ሥራ ይዘሽ የወንድምሽን የግል ኮሌጅ ክፍያ እንድትሸፍኚ ይሻሉ። ከእጮኛሽ ጋር የሠርግ ቀን ስለ መቁረጥና ስፓኒሽ ስለ መማርም አንሥተሻል። አንቺን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቅሽ «ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሩቅ ወረዳ ተመድቤ እዚያው ብቀርስ?» የሚለው ነው። እኔ ራሴ ሥራ የጀመርኩት በአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ነውና በዚህ ጉዳይ ላይ የጸና አቋም አለኝ።

በቅድሚያ ግን ካንዴላ የምትሠራው ሥራ በእኛ አገር የዳኛ ሥራ አለመሆኑን ልታውቂ ይገባል። በስፔን «የምርመራ ዳኛ» የሚባል ሹመት አለ፤ ይህ ዳኛ አስከሬን ሲገኝ ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ጓርዲያ ሲቪል የተባለውን የፖሊስ ኃይል ማስረጃ እንዲያሰባስብ ያዝዛል፣ ተጠርጣሪውንም ምስክሩንም ራሱ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ ከባድ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ፍርዱን የሚሰጡት ሌሎች ዳኞች ናቸው። በእኛ ዘንድ ምርመራውን ፖሊስ ያካሂዳል፣ ዐቃቤ ሕግ ይመራዋል፤ ዳኛው እንደ ጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪው በእስር የሚቆይበትን ቀን መፍቀድ) እና እንደ ብርበራ ፈቃድ ባሉ ጉዳዮች ካልሆነ በቀር መዝገቡን በዋናነት የሚያገኘው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ልብሽን የሳበው መርምሮ እውነቱን ማግኘት ከሆነ፣ የዐቃቤ ሕግ ምልመላ ሲወጣ ብታመለክቺ እመርጣለሁ።

ወደ ትንሹ ቦታ ልመለስ። የድራማው ታሪክ የሚካሄድባትና ስሙን የሰጠችው ኤል ዬሮ በስፔን ካናሪ ደሴቶች ምዕራባዊ ጫፍ ያለች፣ ስፋቷ 268 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋም ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ደሴት ናት። በ2019 የቀረበው የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚነሣው አንድ ሙሽራ በሠርጉ ዕለት ተገድሎ በመገኘቱ ሲሆን፣ ጥርጣሬው የሚያርፈው የሙዝ እርሻ ባለቤት በሆነው በሙሽሪት አባት በዲያስ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ለሠርግ የሚጠራውና ለምስክርነት የሚጠራው ሰው ያው አንድ ነው። ልዩ እንክብካቤ የሚሻ ልጇን ይዛ የመጣችው ዳኛ ማንንም አታውቅም፤ እርሷን ግን ሁሉም ያውቃታል። በ2021 የወጣው ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ የሚጀምረው ሁለት ልጆችን ማን ያሳድግ በሚል የወላጆች ክርክር ነው፤ የወረዳ ፍርድ ቤት የዘወትር ጉዳይም ይኸው ነው።

በተመደብኩባት ከተማ ሁልጊዜ የምሄድባት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። በሦስተኛው ሳምንት ሒሳብ ልከፍል ስል ባለቤቷ «ተከፍሏል» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ልጃቸው በስርቆት ተጠርጥሮ መዝገቡ በእጄ የነበረ አንድ አዛውንት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አንዲት ቃል ሳልናገር ወጣሁ። በማግስቱ የሻይ ቤቷ ባለቤት «ትልቅ ሰው አዋረድክ» ብላ ወቀሰችኝ፤ እውነቷን ነበር። ነገሩን ለአለቃዬ አስታውቄ መዝገቡ ለባልደረባዬ ከተላለፈ በኋላ፣ አዛውንቱን አግኝቼ ሻዩን ያልተቀበልኩት እርሳቸውን ንቄ ሳይሆን ሕጉ ስለሚከለክለኝ መሆኑን ነገርኳቸው። እጅን ንጹሕ አድርጎ የሰውንም ክብር መጠበቅ እንደሚቻል የተማርኩት በዚያች ከተማ እንጂ በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። አንድን መዝገብ ከቃል መቀበል እስከ ቅጣት አስተያየት ራሴ መከታተል የቻልኩትም እዚያ ሥራው ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተተወ ስለ ነበር ነው። በባንኩ የመጀመሪያ ዓመታትሽን የብድርና የመያዣ ውሎችን ስታነብቢ ልታሳልፊ ትችያለሽ፤ ሥራው የተከበረ ነው፣ አንቺ በደብዳቤሽ የገለጽሽው ሥራ ግን አይደለም። ተረስቼ እቀራለሁ የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት እንደሆነና ዝውውር በምን መስፈርት እንደሚፈቀድ ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ።

አባትሽ «ያስተማርንሽ ለዚህ ነው ወይ?» ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ የባንኩ ደመወዝ የሚሻል መሆኑንም አልክድም። ሆኖም የወንድምሽ የግል ኮሌጅ ክፍያ የወላጆችሽ ውሳኔ እንጂ የአንቺ ዕዳ አይደለም። በየወሩ የምትችዪውን የተወሰነ ገንዘብና እስከ መቼ እንደምትልኪ፣ የሚያከብሩት አጎትሽ ባሉበት በግልጽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በላይ ቃል አትግቢ።

እጮኛሽን በሚመለከት፣ የምደባው ጉዳይ ሳይወሰን የሠርግ ቀን አትቁረጡ። ስፓኒሽ መማርሽም መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አያስፈልግሽም።

መልስሽን ከማሳወቅሽ በፊት በአቅራቢያሽ ወዳለ የወረዳ ፍርድ ቤት ሄደሽ፣ የጊዜ ቀጠሮ ጉዳዮች በሚታዩበት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ከጠዋት እስከ ማታ ተከታተዪ። ፖሊሱ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትን ምክንያት፣ ዳኛው የሚያነሣውን ጥያቄና የተጠርጣሪው እናት በሩ አጠገብ ቆማ የምትለውን መዝግበሽ ላኪልኝ፤ ዳኝነቱና ዐቃቤ ሕግነቱ የቱ እንደሚሻልሽ ያን ይዘን እንነጋገራለን።