«በሲቪ 5 ጎረቤቶቼ ለምን ተባብረው ያጠፉኛል?» ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲቪላይዜሽን 5 የተባለውን አገር የመገንባት የኮምፒውተር ጨዋታ በኢትዮጵያ፣ «ኪንግ» በሚባለው የክብደት ደረጃ ላይ ትጫወታለህ። አጀማመርህ ጥሩ ነው። ጎረቤትህን ትወጋለህ፣ ሦስት አራት ከተማ ትይዛለህ። ከዚያ ሁሉም ያወግዙሃል፣ ሕዝብህ ያኮርፋል፣ በመጨረሻ ሁለት ሦስት ሆነው መጥተው ያፈርሱሃል። «ዲፕሎማሲው እውነት ይሠራል ወይስ ለይምሰል ነው? ዝም ብዬ ጦር ላብዛ?» ነው ያልከው። ላፕቶፕህ አሮጌ መሆኑንም ነግረኸናል። እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ዲፕሎማሲው ይሠራል። አንተን የገደለህ የጦር ማነስ አይመስለኝም፤ የከተማ መብዛት ነው። እኔም እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ በነበረበት ክፍል ውስጥ ልክ እንዳንተ ተደቁሼ ነው የገባኝ። አንዱን ካርታ ሁለቴ ተጫውቼዋለሁ። መጀመሪያ ተሸነፍኩ፣ ቀጥሎ አሸነፍኩ። ሁለቱንም ልንገርህ። የማወራው ሁለቱም ማስፋፊያዎች ላሉት ነው፤ ኢትዮጵያ የገባችበት ጎድስ ኤንድ ኪንግስ እና ከእሱ በኋላ የመጣው ብሬቭ ኒው ወርልድ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ጨዋታው ዋና ከተማህን አዲስ አበባ ብሎ ይጀምርልሃል። እኔ ወዲያው ስሙን ጎንደር ብዬ እቀይረዋለሁ። ጎንደር በስም ዝርዝሩ ውስጥ አለች፣ ግን ተራዋን ትጠብቃለች። የፋሲል ከተማ ወረፋ አትጠብቅም። የአዲስ አበባ ልጆች ይቅርታ።

ጎረቤቶቼ እነዚህ ነበሩ። ሰሜን በኩል የሁኖቹ አቲላ። ምሥራቅ በኩል የሮማው አውግስጦስ ቄሳር። ከተራራው ባሻገር የቢዛንታይኗ ቴዎዶራ። ሮማ በኮምፒውተር ውስጥ እንኳ ጎረቤት ሆና መምጣቷ ገረመኝ።

አቲላን ታውቀዋለህ። ጦር አውርድ እያለ መሬት የሚደበድብ ዓይነት ነው። በ50ኛው ተራ አካባቢ ግንብ መደርመሻ ግንዶቹን እየገፋ መጣ። ይህ ግንድ ከተማ ላይ ሲያርፍ አያድርስ ነው። ነገር ግን ከከተማ በቀር ሌላ ነገር መምታት አይችልም። ወታደር ቢጠጋው ዝም ብሎ ይመታል። እኔ አራት ቀስተኛ ነበረኝ፣ ሁሉንም ኮረብታ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። ኮረብታ ላይ ያለ ወታደር ሲከላከል 25 በመቶ ጭማሪ ያገኛል። ግንዶቹ ከተማዬ ሳይደርሱ አለቁ። ፈረሰኞቹ ትንሽ አስቸገሩኝ እንጂ እነሱም ተመለሱ።

እዚህ ላይ ለጥያቄህ ግማሽ መልስ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ኮምፒውተሩ ተረቱን ቃል በቃል ነው የሚሠራበት። የጦርህን ብዛትና ጉልበት ከራሱ ጋር ያነጻጽራል። አንሰህ ካገኘህ የሰጠኸው ስጦታ ሁሉ ትዝ አይለውም። ስለዚህ «ዲሞግራፊክስ» የሚለውን ገጽ ቶሎ ቶሎ ክፈት። «ሶልጀርስ» የሚል ረድፍ አለ። እዚያ ላይ የመጨረሻው ከሆንክ ዲፕሎማሲህ ወረቀት ነው። አንደኛ መሆን አይጠበቅብህም። መሀል ላይ ሁን፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ያንተም ስህተት ይኸው ይመስለኛል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጨዋታ ያላት ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። ካንተ የበለጠ ከተማ ያለው አገር ጦር ጋር ስትዋጋ 20 በመቶ ጉልበት ይጨመርልሃል። የ1888ቱን ድል አስበው ነው የሠሩት፤ ትንሹ ትልቁን የሚያሸንፍበት። አየህ፣ ሁሉም ነገር ያለው «ካንተ የበለጠ ከተማ» የሚለው ላይ ነው። ብዙዎቻችን 20 በመቶ የምትለዋን እናነባለን፣ ቅድመ ሁኔታዋን እንዘላለን።

በመጀመሪያው ጨዋታዬ አራት ከተማ ነበረኝ። አውግስጦስ ሰባት፣ አቲላ ስድስት ነበራቸው። ክሮስቦ ያዥ ቀስተኞችን ሰብስቤ ሮማ ላይ ወረድኩ። ልክ እንደ ቅቤ ነው የቆረጥኳቸው። በሃያ ተራ ውስጥ ሦስት ከተማ ያዝኩ። እኔ ሰባት ሆንኩ፣ እሱ አራት ቀረው። ቀን ሥራ ውዬ ማታ ቤት ገብቼ ነበር ይህን የማደርገው፣ ደስታዬን አትጠይቀኝ። አራተኛዋን ከተማ ስከብ ግን ወታደሮቼ እንደ ድሮው አልመቱም። ያው ክሮስቦ፣ ያው ኮረብታ፤ ጥይት እንደ ሰረቁብኝ ያህል ነበር። ለሁለት ምሽት ምክንያቱ አልገባኝም። መንፈሱ ትቶኝ ሄዷል። ከአውግስጦስ በልጫለሁ። ይባስ ብሎ ከአቲላም በልጫለሁ።

የቀረውን አንተም አይተኸዋል። ቴዎዶራ ወዳጄ ነበረች፣ የምሸጠውንም ትገዛኝ ነበር። አወገዘችኝ። ስታወግዘኝ ወዳጆቿም ተከትለው አወገዙ። የምሸጠውን የሚገዛኝ ጠፋ፣ የምገዛውን የሚሸጥልኝም ጠፋ። ጌጣጌጥ፣ ቅመም፣ ሐር የመሳሰሉት የቅንጦት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው 4 የደስታ ነጥብ ይሰጣሉ፣ እነሱ ሲቋረጡ የሕዝቤ ደስታ ከዜሮ በታች ወረደ። ከኔጌቲቭ 10 በታች ስትወርድ ከተሞች ማደግ ያቆማሉ፣ አማፂዎችም ከገዛ መሬትህ ይበቅላሉ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጦርነቱን ቀጠልኩ። አቲላና ቴዎዶራ በአንድ ተራ ጦርነት አወጁብኝ። ጎንደር በ231ኛው ተራ ወደቀች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ከገባባት ወዲህ እንዲህ አልተደፈረችም።

ሌላም ቅጣት አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ከተማ በመደበኛ ካርታ ላይ የቴክኖሎጂን ዋጋ 5 በመቶ ያስወድዳል። ማለትም እኔ በሮማ ከተሞች እየኮራሁ ሳለ ቴዎዶራ ባሩድ ላይ ደርሳለች።

በነገራችን ላይ የያዝካትን ከተማ «ፓፔት» የማድረግ ምርጫ አለ። ከተማዋ ያንተ ትባላለች፣ የምትሠራውን ግን ራሷ ትመርጣለች። እኔ ይህን ምርጫ ባየሁ ቁጥር ዘመነ መሳፍንት ትዝ ይለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ግቢው ውስጥ ዘውድ ደፍቶ ይቀመጣል፣ የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ሆነው አገሩን ይገዛሉ። ልዩነቱ በጨዋታው ውስጥ እንደ የጁ ራሶች የምትሆነው አንተ መሆንህ ነው። ከተማ መያዝ ግድ ከሆነብህ፣ ለጊዜው ፓፔት አድርጋት። አኔክስ ካደረግካት፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ በራስህ አስተዳደር ሥር ካስገባሃት፣ ፍርድ ቤት እስክትሠራላት ድረስ ታስለቅስሃለች።

ሁለተኛው ጨዋታ። የመጀመሪያውን ተራ ሴቭ አድርጌ ስለነበር ያው ካርታ፣ ያው ጎረቤት። እስከ አቲላ ጥቃት ድረስ ተመሳሳይ ሄድኩ። አራት ከተማ፣ ትራዲሽን የሚለው ፖሊሲ፣ በየከተማው ላይብረሪ፣ ከዚያ ናሽናል ኮሌጅ። ሐውልቱም የሚረሳ አይደለም። ኢትዮጵያ በሞኑመንት ፋንታ የምትሠራው ሐውልት ከባህል ነጥቡ ሌላ 2 የእምነት ነጥብ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ሃይማኖት ለመመሥረት ከማንም ትቀድማለህ።

ለውጡ የመጣው አቲላ ሲሸነፍ ነው። ሰላም ሲለምነኝ ድሮ «ሂድ ወዲያ» እለው ነበር። አሁን እሺ አልኩት። የሰላም ውሉ 10 ተራ ይቆያል፣ በእነዚያ ተራዎች ውስጥ አይነካኝም። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ተራ ሲቀረው የንግዱን ገጽ ከፈትኩና ሮማን እንዲወጋ ጠየቅኩት። አንድ ሐርና ትንሽ ወርቅ ነው የፈለገው። ሰጠሁት። ሁለቱ እሳትና ጭድ ሆነው ለሠላሳ ምናምን ተራ ተፋጁ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሠራሁ።

ለእኔ የዚህ ጨዋታ ዲፕሎማሲ ማለት ይኼ ነው። አቲላ እንዲወድህ አትጠብቅ፣ አይወድህም። አቲላ ሌላ ሰው ጋ ሥራ እንዲበዛበት አድርግ። እውነተኛ ወዳጅ የምትፈልገው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ድንበርህን የማይነካው። የእኔ ቴዎዶራ ነበረች። ከእሷ ጋር የወዳጅነት አዋጅ ተፈራረምን። አዋጁ ካለ ትርፍ ቅንጦትህን በጥሬ ወርቅ በአንዴ መሸጥ ትችላለህ፣ እስከ 240 ድረስ። የምርምር ስምምነትም ይፈቀድልሃል። ከመፈረምህ በፊት ግን የመሪዎቹን ዝርዝር ክፈትና ማውሱን ስማቸው ላይ አሳርፍ። ለምን እንደሚወዱህና ለምን እንደሚጠሉህ በአረንጓዴና በቀይ ተጽፎ ታገኛለህ። ሁሉም የሚያወግዘውን ሰው ወዳጅ ካደረግክ የእሱ ጠላቶች ሁሉ ያንተም ናቸው። እኔ አንዴ አዝኜለት አውግስጦስን ወዳጅ አድርጌ ስንት ተራ ዋጋ ከፈልኩ መሰለህ።

አንተ «አንዴም ጦርነት አላውጅ ማለት ነው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። አውግስጦስ ከአቲላ ጋር መዋጋቱን ሳይጨርስ አልማቲ የምትባለዋን ሲቲ ስቴት (ባለ አንድ ከተማ ትንሽ አገር) ዋጣት። ቴዎዶራም በዚህ ጊዜ ሮማ ላይ ጦርነት አውጃለች። እኔ ገባሁ። አልማቲን ከሮማ ቀማሁ። ከተማ ስትይዝ ከሚመጡልህ ምርጫዎች አንዱ ነፃ ማውጣት ነው፤ እሱን ተጫንኩ። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ጥሩ ከተማ ነበረች፣ ባሕርም ነበራት። ነገር ግን አልማቲ ወዲያው አጋሬ ሆነች፣ የጦረኝነት ስሜም ታጠበልኝ። የከተማዬ ቁጥር አልጨመረም። ሮማ አሁንም ትበልጠኛለች። መንፈሱ ከእኔ ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ የሮማን አንድ ከተማ ብቻ ወሰድኩ፣ በእኔና በቴዎዶራ መካከል የተሰነቀረችውን። አምስት ላይ ቆምኩ። መሀል ሰፋሪዎቹ ሲደርሱ ደግሞ እፎይ ትላለህ። በራይፍልማን ፋንታ የሚመጡት የኢትዮጵያ ልዩ ጦር ናቸው፣ ለዋና ከተማህ በቀረቡ ቁጥር ይበረታሉ። በሩቅ አገር ለወረራ የተሠሩ አይደሉም። ጨዋታው ራሱ «ቤትህን ጠብቅ» እያለህ ነው።

የቀረው ገንዘብ ነው። ሲቲ ስቴት 30 ነጥብ ላይ ወዳጅ፣ 60 ላይ አጋር ይሆናል። የንግድ ገቢዬን በሙሉ ወደ እነሱ አፈሰስኩ፣ ከወርቅ በተጨማሪ የሚጠይቁትንም እየሠራሁ። በዓለም ምክር ቤት ውስጥ የአጋሮችህ ድምፅ ያንተ ነው። በ361ኛው ተራ የዓለም መሪ ምርጫውን አሸነፍኩ። አቲላ ከዳር እስከ ዳር አሥራ ምናምን ከተማ ይዞ ተቀምጦ አየኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ሁሉ ኮምፒውተሩን ይመለከታል። ከሰው ጋር በአንድ ላፕቶፕ ተራ በተራ፣ በሆት ሲት ስትጫወት ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ለጥምቀት ቤት መጥቶ ተጫወትን። «እስከ ከተራ ድረስ አልነካህም» ብሎ ማለልኝ። ከተራ ማታ ሦስት ከተማዬን ወሰደ። ቃሉን ጠብቋል እኮ! በአገራችን ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል። ወንድሜ ሁልጊዜ ወረራ ላይ ነው።

ላፕቶፑን በተመለከተ። F10 ስትጫን ካርታው ጠፍጣፋ ይሆናል። ውበት የለውም፣ ግን ማሽኑ ይተነፍሳል። ካርታውን «ስሞል» አድርገው፣ ከነአንተ ስድስት አገር ነው፤ ኋላ ላይ ተራ እስኪመለስልህ ቡና አታፈላም። ከምንም በላይ ግን ኦፕሽን ገብተህ አውቶሴቩን (ጨዋታውን በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን) ከየ10 ተራ ወደ የ1 ተራ ቀይረው። ባትሪህ የሞተ ከሆነና መብራት ከሄደ፣ ዘጠኝ ተራ ከበባ እንደ ጉም ይበናል። እኔ አልማቲን ሁለቴ ነው ነፃ ያወጣኋት።

አሁን 100ኛው ተራ አካባቢ ያለችውን ሴቭ ፋይልህን እዚህ ልቀቃት። ስንት ከተማ እንዳለህ፣ ጎረቤቶችህ ስንት እንዳላቸው አብረህ ጻፍልኝ። ማታ መብራት ካለ ከፍቼ አየዋለሁ።